ሊንከን ስቴፈንስና ባለ ሁለት ቁልፉ ሣጥን

በ1902 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ልዊስ ከተማ በሚገኙ ሁለት የተከበሩ የባንክ ድርጅቶች ካዝና ቤት ውስጥ ሁለት ሣጥኖች ተቆልፈው ተቀምጠው ነበር። ዘመኑ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው። በአንደኛው ሣጥን 75,000 ዶላር፣ በሁለተኛው 60,000 ዶላር ነበረ። ከሁለቱ ቁልፎች አንዱ በጉቦ ሰጪው ወገን፣ ሌላው በጉቦ ተቀባዩ ወገን እጅ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ሰዎች አብረው ካልቀረቡ በቀር ሣጥኑ አይከፈትም። ሰጪው፣ የተፈለገው ደንብ ሳይጸድቅ ገንዘቡ እንዳይበላበት፤ ተቀባዩም፣ ደንቡ ከጸደቀ በኋላ እንዳይካድ ተብሎ የተበጀ ዘዴ ነበር። ለወንጀል የተሠራ መሆኑ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ እርስ በርስ የማይተማመኑ ሁለት ወገኖች እንዴት አስተማማኝ ውል ሊገቡ እንደሚችሉ ለማሳየት ጥሩ ምሳሌ በሆነ ነበር።

የነዚህን ሣጥኖች ታሪክ ከአንድ ከተማ ወሬነት አውጥቶ ለመላው አሜሪካ ያሰማው ሊንከን ስቴፈንስ የተባለ ጋዜጠኛ ነው። የሱን ሕይወት በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ ማውሳት እንግዳ ነገር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ የስቴፈንስን ጽሑፎች ገልጦ ቢመለከት አስተያየቱን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ። በነዚያ ገጾች ላይ የሚነበበው ስለ መንገድ ጥርጊያ፣ ስለ ትራም ሐዲድ፣ ስለ ጋዝና ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ ቆሻሻ ማስወገጃ ውል ነው። ጉቦ የሚበላው እኛ በምንነድፈውና በምንሠራው ነገር ላይ ነው።

ስቴፈንስ ኤፕሪል 6 ቀን 1866 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን የካሊፎርኒያ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በሳክራሜንቶ ነው። አባቱ በቀለምና በመስተዋት ንግድ የበለጸገ፣ በከተማይቱ ነጋዴዎች ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ይኖርበት የነበረው ትልቅ ቤት ኋላ በ1903 ዓ.ም. በመንግሥት ተገዝቶ የግዛቲቱ አስተዳዳሪዎች መኖሪያ ሆኗል። ለልጁ ፈረስ ተገዝቶለት ስለ ነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከተማውን እየዞረ የትልልቆቹን ሰዎች ዓለም ገና በለጋነቱ ለማየት ዕድል አገኘ። በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ወዳጅ ያደረገው አንድ ጋላቢ፣ ፈረሶቹ የሚሸነፉት ሁልጊዜ ደካማ ስለሆኑ ሳይሆን እንዲሸነፉ ስለሚደረጉም እንደሆነ አስረዳው። በግዛቲቱ ሸንጎ በተላላኪነት ይሠራ የነበረ ሌላው ጓደኛው ደግሞ፣ በአዳራሹ ውስጥ የሚደረገው ክርክር ለይስሙላ መሆኑንና ቁም ነገሩ የሚያልቀው በሆቴል ክፍሎች ውስጥ መሆኑን አሳየው። ልጁ አዘነ፤ ነገር ግን የበለጠ የገረመው፣ ይህንን የሚያውቁት አዋቂዎች ሁሉ እንደማያውቁ ሆነው መኖራቸው ነበር።

በ1889 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ ወደ አውሮጳ ተሻገረ። በበርሊን፣ በሃይደልበርግና በላይፕሲግ፣ ቀጥሎም በፓሪስ ፍልስፍናንና ሥነ ልቡናን ተማረ። በላይፕሲግ ያስተማረው የሥነ ልቡናን ጥናት በቤተ ሙከራ በመመሥረት ስሙ የሚጠራው ቪልሄልም ቩንት ነው። ወጣቱ ይፈልግ የነበረው መልካምና ክፉ የሚለይበትን ሳይንሳዊ መሠረት ነበር፤ አላገኘውም። መምህራኑ እርስ በርሳቸው ሲጣረሱ አይቶ ተመለሰ። በ1892 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ሲደርስ የጠበቀው የአባቱ ደብዳቤና 100 ዶላር ነበር፤ ትምህርቱ ስለ በቃ ከእንግዲህ ሠርቶ ይብላ የሚል ነበር የደብዳቤው ፍሬ ነገር።

ኢቪኒንግ ፖስት በተባለው ጋዜጣ ተቀጠረና ዎል ስትሪት ወደሚባለው የባንኮችና የአክሲዮን ገበያ ሠፈር ተመደበ። ዘመኑ የ1893ቱ የገንዘብ ቀውስ ዘመን ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከ500 የማያንሱ ባንኮች በራቸውን ዘጉ፤ የባቡር ኩባንያዎች ከሠሩ፤ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን በተኑ። ስቴፈንስ በየቀኑ ከባንክ ወደ ባንክ እየተመላለሰ ይጠይቅ ነበርና፣ ባለ ገንዘቦቹ ማታ ማታ ደክሟቸው ሲያወሩ የሚሉትና ጧት ለጋዜጣ የሚሰጡት መግለጫ የማይገናኙ ሆኖ አገኘው። ምስጢር በመጠበቁ ታመነ፤ በመታመኑም ብዙ ሰማ። በኋላ ዘመን የከተማ ጉቦ የት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ሲከታተል፣ መጨረሻው ወደ ባንክ እንደሚያመራ አስቀድሞ የጠረጠረው ከዚህ ትምህርቱ የተነሣ ይመስለኛል።

ከዎል ስትሪት ወደ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በ1894 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ግዛት ሸንጎ ያቋቋመው መርማሪ ጓድ፣ የፖሊስ ሹመት ራሱ በዋጋ የሚሸጥ መሆኑን በምስክር አረጋገጠ፤ አንድ የፖሊስ ሻምበል ለማዕረጉ 15,000 ዶላር እንደ ከፈለ አመነ። በደመወዙ ብቻ ያን ዕዳ ሊከፍል የሚችል ሻምበል እንደሌለ ግልጽ ነው። ስለዚህም ሹመቱን የገዛ ሰው ወጪውን የሚተካው ከቁማር ቤቶችና ከሴተኛ አዳሪዎች በሚሰበስበው ግብር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቴዎዶር ሩዝቬልት የፖሊስ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆኖ ሲመጣ፣ ስቴፈንስና ዴንማርካዊው ጋዜጠኛ ጄኮብ ሪስ የቅርብ አማካሪዎቹ ሆኑ። ስቴፈንስ በዚያን ጊዜ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ፣ መጥፎዎቹ ሰዎች ተነሥተው ደጎቹ ቢተኩ ነገሩ የሚቃና ይመስለው ነበር።

ሐሳቡን የለወጠው የሴንት ልዊስ ጉዞ ነው። በ1901 ዓ.ም. ማክሉርስ የተባለው ወርኃዊ መጽሔት በአዘጋጅነት ቀጠረው። ባለቤቱ ማክሉር ዕረፍት የማያውቅ፣ ሌላውንም የማያሳርፍ ሰው ነበር፤ መጽሔት ማዘጋጀት በቢሮ ተቀምጦ አይገኝም ብሎ አባረረው ማለት ይቻላል። ለመጽሔቱ የማስታወቂያ ዕዳ የነበረበት አንድ የባቡር ኩባንያ በዕዳው ፈንታ የጉዞ ቲኬት ሰጠና ስቴፈንስ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ኋላ የትራም ኩባንያዎችን ጉቦ ለመግለጥ የበቃ ሰው በባቡር ኩባንያ ወጪ መሳፈሩን ልብ ይሏል።

በሴንት ልዊስ ያገኘው ጆሴፍ ፎክ የተባለ የ32 ዓመት ዓቃቤ ሕግ ነበር። ፎክ ለዚህ ሥልጣን የተመረጠው በከተማይቱ የፖለቲካ ጌታ በኤድ በትለር ድጋፍ ጭምር ነው። በትለር በፈረስ ጫማ መቺነት ጀምሮ ሚሊዮነር የሆነ፣ የከተማውን ምክር ቤት እንደ ግል ሱቁ የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ፎክ ግን ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል የበትለርን ሰዎች በምርጫ ማጭበርበር ከሰሰ። ቀጥሎም በጃንዋሪ 1902 ዓ.ም. በአንድ የከተማው ጋዜጣ ላይ የወጣች፣ ስም የማትጠቅስ አጭር ወሬ ዐይኑ ውስጥ ገባች፤ የአንድ የትራም ኩባንያ ደንብ እንዲጸድቅ ለምክር ቤት አባሎች የሚሰጥ ብዙ ገንዘብ በባንክ ተቀምጧል ትላለች። ሌላ ዓቃቤ ሕግ ቢሆን አንብቦ ባለፋት ነበር። ፎክ ግን ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎችን፣ የምክር ቤት አባሎችን፣ የትራም ኩባንያ ሹማምንትንና የባንክ ሠራተኞችን፣ በአንድ ጊዜ ለምስክርነት ጠራ።

በእጁ ከዚያች ወሬ በቀር ምንም ማስረጃ አልነበረውም። ቢሆንም የሰበርባን ትራም ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረውን ቻርልስ ተርነርንና የኩባንያውን ጉዳይ አስፈጻሚ ፊሊፕ ስቶክን ጠርቶ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ እውነቱን ካልተናገሩ ተከሳሾች እንደሚሆኑ አስታወቃቸው። ሁሉን የሚያውቅ መስሎ ቀረበ፤ እነሱም ሁሉን የሚያውቅ መሰላቸው፤ ተናዘዙ። ኩባንያው በከተማው መንገዶች ላይ ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስፈልገው መብት ቢፈቀድለት የንብረቱ ዋጋ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይጨምር ስለ ነበር፣ 135,000 ዶላር ጉቦ ከትርፉ አንጻር ኢምንት ነበር። 75,000ው ለላይኛው ምክር ቤት፣ 60,000ው ለታችኛው የተመደበ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት በመካከል ገብቶ መብቱን ስላገደ፣ ኩባንያው ያልተፈጸመ ጉዳይ አይከፈልበትም አለ፤ አባሎቹም ድርሻችንን አድርገናል አሉ፤ ገንዘቡም በሁለት ቁልፍ እንደ ታሰረ ቀረ። የጠቡ ወሬ ነው አፈትልኮ ጋዜጣ ላይ የደረሰው።

የቀረው ሣጥኖቹን መክፈት ነበር። የባንኩ ሹማምንት የደንበኛ ምስጢር ነው ብለው እምቢ አሉ። በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። የባንክ ምስጢር የሚባለው ነገር ለቅን ቆጣቢ ሁሉ የሚያስፈልግ ጥበቃ ነው፤ ያለሱ ባንክ ባንክ አይሆንም። ዳሩ ግን ያው ግድግዳ ሌባውንም ይጋርደዋል፤ ግድግዳውን የሠራውም ሰው ማንን እየጋረደ እንደሆነ መጠየቅ አይወድም። ፎክ የባንኩን ኃላፊዎች ራሳቸውን በወንጀል እንደሚከስ ሲያስጠነቅቃቸው ሣጥኖቹ ተከፈቱ፤ ብሩም ተቆጠረ። አንድም ሳይጎድል ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የተገለጠው የባሰ ነበር። የምክር ቤቱ አባሎች ማኅበር መሥርተው፣ ለያንዳንዱ ጉዳይ የዋጋ ዝርዝር አውጥተው ኖረዋል። የእህል ጎተራ ለመሥራት ይህን ያህል፣ የወደብ ቦታ ለማግኘት ይህን ያህል፤ ወደ ፋብሪካ የሚገባ የሐዲድ ቅርንጫፍ ደግሞ በርዝመቱ እየተለካ በጫማ ይከፈልበት ነበር። የአንድ መሥመር ዋጋ ሲተመን የአፈሩ ቁፋሮ፣ ጠጠሩ፣ ብረቱ፣ ጉልበቱ ተቆጥሮ፣ ጉቦውም እንደ ማንኛውም ግብዓት በሜትር ገብቶ ይደመራል ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1898 ዓ.ም. ስናይደር የሚባል የካንሳስ ሲቲ ባለ ባንክ፣ ወደ 250,000 ዶላር ጉቦ በትኖ በመላው ከተማ ሐዲድ የመዘርጋት መብት ካገኘ በኋላ፣ አንድም ሐዲድ ሳይዘረጋ መብቱን በ1,250,000 ዶላር ሸጦ ሄዷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማይቱ ለ1904ቱ የዓለም ትርኢት ትዘጋጅ ነበር፤ በሆቴል ያረፈ እንግዳ ግን ቧንቧ ሲከፍት የሚወርድለት ጭቃ የመሰለ ውሃ ነበር።

ስቴፈንስ ታሪኩን እንዲጽፍ ያደረገው ክሎድ ዌትሞር የተባለውን የዚያው ከተማ ጋዜጠኛ ነው። ዌትሞር ጽፎ ሲያመጣ ዋና ዋናዎቹን ስሞች ዘልሏል፤ በዚያ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ነበርና አይፈረድበትም። ስቴፈንስ የተዘለለውን ሁሉ መልሶ አስገባ። ዌትሞርም እንግዲያው ስምህ ከስሜ ጎን ይውጣ አለው። ጽሑፉ በኦክቶበር 1902 ዓ.ም. በሁለቱ ስም ታተመ።

ቀጥሎ የተጓዘው ወደ ሚኒያፖሊስ ነው። እዚያ ኤምስ የተባለ፣ በሕክምና ሙያው ድኾችን በነፃ በማከሙ የሚወደድ ከንቲባ፣ ወንድሙን የፖሊስ አዛዥ አድርጎ ከተማውን ለሌባና ለቁማርተኛ በይፋ አከራይቶ ነበር። ሆቪ ክላርክ የተባለ የእንጨት ነጋዴ የመርማሪ ዳኞች ሰብሳቢ ሆኖ ሲመረጥ ነገሩን እስከ ሥሩ ቆፈረው። ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ የበለጠው አንድ የሒሳብ መዝገብ ነው። በካርታ ጨዋታ መንገደኛ የሚያታልሉ ሌቦች፣ ከያንዳንዱ ሰው ስንት እንደ ወሰዱና ከዚያ ውስጥ ለፖሊስ ስንት እንደ ከፈሉ በጥንቃቄ ጽፈው ይዘውት ነበር። ስቴፈንስ የመዝገቡን ገጾች ፎቶግራፍ አስነሥቶ በመጽሔቱ ላይ አወጣቸው። በኔ ግምት የሙያው ከፍተኛ ሥራ ይህ ነው። ክስ ሊስተባበል ይችላል፤ ስም ማጥፋት ነው ሊባል ይችላል፤ በሌባው በራሱ እጅ የተጻፈ ድምር ግን ክርክር የለውም።

ይህ ጽሑፍ የወጣበት የጃንዋሪ 1903 ዓ.ም. እትም በጋዜጠኝነት ታሪክ ውስጥ ይታወቃል። በዚያው እትም አይዳ ታርቤል ስለ ስታንዳርድ ኦይል የነዳጅ ኩባንያ ከምታወጣው ተከታታይ ታሪክ አንድ ክፍል፣ ሬይ ስታናርድ ቤከር ደግሞ በከሰል ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አካባቢ ስለ ተፈጸመ ግፍ የጻፈው ታትመዋል። ማንም አስቀድሞ አላቀደውም፤ ሦስቱም ግን ሕግ መጣስን ይናገሩ ስለ ነበር ማክሉር ይህንኑ አስተውሎ ማስታወሻ ጻፈበት።

ፒትስበርግ ለኛ ከሁሉ የቀረበች ናት። በዚያ ከተማ ማጊና ፍሊን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሥልጣኑን ተካፍለው ነበር፤ ማጊ ፖለቲካውንና የትራም ኩባንያውን፣ ፍሊን ደግሞ የሕዝብ ሥራ ኮንትራቱን ያዘ። ጉቦ በፖስታ የሚሰጥባት ከተማ አልነበረችም። ሁሉ ነገር በውል፣ በማኅተም፣ በጨረታ ይፈጸም ነበር። ጨረታ ይወጣል፤ የጥርጊያው የቴክኒክ መግለጫ ግን፣ ስቴፈንስ እንደ ጻፈው፣ የፍሊን ድርጅት ብቻ ሊያሟላው እንዲችል ሆኖ ይዘጋጃል፤ ስለዚህ በብዙ ዓመታት ውስጥ የአስፋልት ሥራው ከሞላ ጎደል ሁሉ ለሱ ወደቀ። የዚህ ሙያ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግታም ሐዘንም የሚሰማው ይመስለኛል። የድንጋዩን ጥንካሬ፣ የቅጥራኑን ዓይነት፣ የመላኪያውን ጊዜ የሚወስን አንድ መስመር፣ ለሌላው አንባቢ ደረቅ ቃል ነው፤ በሩን የሚዘጋው መቀርቀሪያ ግን እሱ ነው። ያንን መስመር የሚጽፍ መሐንዲስ እጁ ገንዘብ ባይነካም፣ የሚጽፈው ነገር ለማን እንደሚያገለግል ሳያውቅ ይቀራል ማለት ያስቸግራል።

በፔንሲልቬኒያ ግዛት ሌላም ልማድ ነበር። የግዛቲቱ ግምጃ ቤት ገንዘብ የፖለቲካ ጌቶች በመረጧቸው ባንኮች ይቀመጥና ባንኮቹ ደግሞ ለነዚያው ጌቶች ያበድሩ ነበር። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበረው ማቲው ክዌይ በዚህ መንገድ በሕዝብ ገንዘብ የአክሲዮን ንግድ ነግዷል ተብሎ ተከሶ፣ በ1899 ዓ.ም. በነፃ ተለቀቀ። ፊላዴልፊያን ስቴፈንስ የጎበኘው ከዚህ በኋላ ነው። የመራጮች መዝገብ በሞቱ ሰዎች፣ በሕፃናትና በውሾች ስም ጭምር ተሞልቶ አገኘው። ያስደነገጠው ግን ስርቆቱ አልነበረም፤ ሕዝቡ ይህን እያወቀ ደስ ብሎት መኖሩ ነበር። ቺካጎ ብቻ ጥቂት አጽናናችው፤ እዚያ አንድ የመራጮች ማኅበር የያንዳንዱን የምክር ቤት ዕጩ ያለፈ ሥራ እያጠና በየምርጫው ያትም ነበር።

ጽሑፎቹ በ1904 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ ተሰበሰቡ። ርዕሱ የከተሞች ሐፍረት የሚል ነው። ስቴፈንስ ምስጢር ፈልፋይ ነኝ ብሎ አልተመጻደቀም። አብዛኛው ነገር በየፍርድ ቤቱ መዝገብና በየአገሩ ጋዜጣ ተበታትኖ የኖረ ነው። የሱ ሥራ ከተማን ከከተማ ማስተያየት ነበር፤ ሲያስተያይም አንድ ዓይነት ሥርዓት በየቦታው ቆሞ አየ። በየከተማው ቀድሞ የተነገረው፣ ችግሩ የመጣው ከድኾች፣ ከመጤዎች፣ ከማይማን ፖለቲከኞች ነው የሚል ነበር። እሱ ግን ገንዘቡን ወደ ኋላ ሲከተለው ወደ ባለ ባንኩ፣ ወደ ትራም ኩባንያው ፕሬዚዳንት፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ፊተኛው ወንበር ላይ ወደሚቀመጠው ሰው ያደርሰው ጀመር። ጉቦ የሚቀበል ሰው አለ ማለት የሚሰጥ አለ ማለት ነውና፣ ሰጪው ደግሞ ልዩ መብት ፈላጊው ነው።

ይህንን በግልጽ ያስረዳው የክሊቭላንድ ከንቲባ ቶም ጆንሰን ነው። ጆንሰን ራሱ የትራም ኩባንያ ባለቤትና የፈጠራ ሰው ነበር፤ ተሳፋሪ ሳንቲም የሚጥልበትን የመስተዋት ሣጥን የፈለሰፈ እሱ ነው። ከ1901 እስከ 1909 ዓ.ም. ከንቲባ በነበረበት ጊዜ፣ ቀድሞ ራሱ የተጠቀመበትን ልዩ መብት ለማስቀረት ታገለ። ስቴፈንስ መጀመሪያ አላመነውም ነበር፤ የሆነ ነገር ደብቋል ብሎ ሲከታተለው ቆይቶ፣ በመጨረሻ በአሜሪካ ካያቸው ከንቲባዎች ሁሉ የላቀ ነው ብሎ መሰከረለት።

ቀጥሎም ከከተማ ወደ ግዛት ተሻገረ። ስለ ኒው ጀርሲ ሲጽፍ የረዳው፣ ለታላላቆቹ ኩባንያዎች መቋቋሚያ የሚሆነውን የዚያችን ግዛት ሕግ በማርቀቅ የሚታወቀው ጠበቃ ጄምስ ዲል መሆኑ የሚገርም ነው። ሕጉን የነደፈ ሰው ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ ያውቃል።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ፎክ በ1904 ዓ.ም. የሚዙሪ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በትለር በከተማው የቆሻሻ ማስወገጃ ውል ምክንያት ጉቦ ሊሰጥ ሞክሯል ተብሎ የሦስት ዓመት እስራት ተፈርዶበት ነበር፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ፍርዱን ሻረው። የስናይደርም፣ የሚኒያፖሊሱ ኤምስም ፍርድ በይግባኝ ተሻረ። ትልልቆቹ ዓሦች በመረቡ ቀዳዳ ሾልከው ወጡ፤ የቀሩት ትንንሾቹ ናቸው። በሌላ በኩል በብዙ ከተሞች የምክር ቤት አሠራር ተሻሻለ፤ የሕዝብ አገልግሎት ድርጅቶችን የሚቆጣጠሩ ኮሚሽኖች ተቋቋሙ፤ በ1913 ዓ.ም. የፌዴራሉ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች በግዛት ሸንጎዎች መመረጣቸው ቀርቶ በሕዝብ እንዲመረጡ ሆነ። ይህን ሁሉ ለስቴፈንስ ብቻ መስጠት ግነት ይሆናል። ያለሱና ያለ ባልደረቦቹ ይሆን ነበር ማለት ግን ይከብዳል።

በኤፕሪል 1906 ዓ.ም. የቀድሞ ወዳጁ፣ በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበረው ሩዝቬልት፣ ሁልጊዜ ዐይናቸውን ከጉድፍ ላይ የማያነሡ ጸሐፊዎችን ከአንድ የቆየ መንፈሳዊ መጽሐፍ በተወሰደ ምሳሌ ነቀፈ፤ ጉድፍ ዛቂዎች የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ተለጠፈባቸው። በዚያው ዓመት ስቴፈንስ፣ ታርቤልና ቤከር ከማክሉር ተለይተው የራሳቸውን መጽሔት ያዙ። በ1910 ዓ.ም. ስቴፈንስ የገንዘብን ኃይል ማለትም የታላላቆቹን ባንኮች ሥልጣን መመርመር ጀመረና፣ ገና ከሃርቫርድ የወጣውን ዋልተር ሊፕማንን ረዳት አድርጎ ቀጠረ። ያጠኑት የባንኮችን አደረጃጀት ከከተማ የፖለቲካ ድርጅት ጋር እያነጻጸሩ ነው፤ በስም የተቀመጠውን ሹም ትተው በተግባር የሚያዘውን ይፈልጋሉ። በ1912ና በ1913 ዓ.ም. የአሜሪካ ሸንጎ ባካሄደው ምርመራ፣ ከጥቂት የኒው ዮርክ ባንኮች የተውጣጡ ሰዎች በ112 ኩባንያዎች ውስጥ 341 የዲሬክተርነት ወንበር መያዛቸው ተቆጥሮ ቀረበ። ስቴፈንስና ሊፕማን በጥቅሉ ያዩትን ሸንጎው በቁጥር አሳየው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሕይወቱ እንደ ፊተኛው አያስደስትም። በ1910 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የአንድ ጋዜጣ ሕንፃ በድማሚት ፈርሶ ሰዎች ሲሞቱ፣ ስቴፈንስ በተከሳሾቹ ሠራተኞችና በአሠሪዎቹ መካከል በይቅርታ የተመሠረተ ዕርቅ ለማድረግ ሞከረ። ተከሳሾቹ ጥፋታቸውን አመኑ፤ ከባድ እስራት ተፈረደባቸው፤ አስታራቂው ደግሞ የዋህ ተባለ። መጽሔቶች ጽሑፉን መሸሽ ጀመሩ። እሱም ተሐድሶ የሚባለውን ተስፋ ትቶ ወደ አብዮት አዘነበለ፤ ሜክሲኮ ሄደ፤ በ1919 ዓ.ም. ከዲፕሎማቱ ቡሊት ጋር ወደ ሩስያ ተጉዞ ሌኒንን አነጋገረ። በጥቂት ቀኖች ቆይታው መጪውን ዘመን አይቻለሁ ብሎ ተመለሰ። በ1920ዎቹም ሙሶሊኒን አነጋግሮ አደነቀው። እኔ እዚህ ላይ ልከተለው አልችልም። የሚኒያፖሊስን ከንቲባ በቃሉ የማያምን፣ የሒሳብ መዝገብ ካላየ የማይጽፍ ሰው፣ በእንግድነት የተቀበለውን መንግሥት መዝገቡን ሳይጠይቅ አመነ። ምናልባት ሥርዓት እንጂ ሰው ጥፋተኛ አይደለም የሚለው እውነተኛ ግኝቱ ራሱ አሳስቶት ይሆናል፤ ሥርዓቱ ከተለወጠ ሰውን መቆጣጠር አያስፈልግም ወደሚል መደምደሚያ ወሰደው። የግንባታ ሰው ግን የተሻለ ንድፍ ስላገኘ ብቻ ቁጥጥሩን አይተውም።

በ1924 ዓ.ም. ኤላ ዊንተርን አገባ፤ በዚያው ዓመት አንድ ልጁን በ58 ዓመቱ ወለደ። የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በ1931 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ፣ አገሩ እንደገና በባንኮች ውድቀት ትታመስ ነበርና መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ ተረስቶ የነበረ ስሙም ታደሰ። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የተዋበው፣ በፈረስ ላይ ሆኖ ሳክራሜንቶን የሚዞረው ልጅ ታሪክ ነው። ስቴፈንስ ኦገስት 9 ቀን 1936 ዓ.ም. ካርሜል በተባለች የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ከተማ በ70 ዓመቱ ዐረፈ።